የሚመለከተው አካል ማነው? ከእንዶዴ ማዶ ያለ አንድ የሐዲድ መሻገሪያ

ላሟ የሞተችው ሰኔ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሏል። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ላሟ ጥቁርና ነጭ ፈረንጅ ላም ነበረች። ሁለት ጊዜ ወልዳለች። በቀን 14 ሊትር ትታለብ ነበር። እማማ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእሷ ወተት ነው።

የዚያን ቀን ትልቋ የልጅ ልጅ ላሟን በገመድ እየሳበች ወደ ማዶ ትወስዳታለች። ከሐዲዱ ማዶ ከብት የሚያዳቅል ባለሙያ አለ። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ሐዲድ ተሻገሩ። ሁለተኛው ላይ ላሟ ቆመች። ከብት ጠጠር ላይ መርገጥ አይወድም፤ ሰኮናው ይንሸራተታል። ልጅቷ ጎተተች። ከዚያ ከኩርባው ጀርባ ኮንቴይነር የጫነ ባቡር ብቅ አለ። ጥሩምባውን ነፋ። ልጅቷ ገመዱን ለቀቀችው።

ያዳናት ያ ነው። ገመዱ መዳፏን ላጥቷት ስለነበር ለሁለት ሳምንት እርሳስ መያዝ አልቻለችም።

ስለዚህ ሰው አልሞተም። ይህ ጉዳይ በየትኛውም የአደጋ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ቢያገኝ «አንድ ላም» ተብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእማማ ጋር ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቻለሁ። እማማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ማመልከቻውን የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ሰፈሩን በስሙ አልጠራውም፤ ሰው የሚያውቀው ሰው እንዳይቸገር።

ቦታው

ከአዲስ አበባ በቃሊቲ በኩል ወጥተው፣ እንዶዴ የሚባለውን ትልቁን የዕቃ ባቡር ጣቢያ ካለፉ በኋላ፣ ወደ ገላንና ዱከም የሚወስደው አገር ይመጣል። በአንድ በኩል ፋብሪካ ነው። በሌላ በኩል ጤፍ ነው። በመሃል የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ያልፋል። መስመሩ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም.። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መምጫ። ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል።

የሰፈራችን የእግር መንገድ ከሐዲዱ ትቀድማለች። አዛውንቶቹ በልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት፣ እህል ወደ ገበያ የሚያወርዱት በእሷ ነው። ሐዲዱ ሲመጣ መንገዷን ለሁለት ከፈላት። ምትክ ተሠርቷል። ወደ ምዕራብ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሲሄዱ ከሐዲዱ ስር የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። በበጋ ደህና ነው። በክረምት ግን ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው ይተኛል። እዚያ አካባቢ አፈሩ መረሬ ነው። ሐምሌ ውስጥ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁበት፤ ከጉልበቴ በላይ ደረሰ። አንድ ጫማዬን እዚያው ትቼ ነው የወጣሁት። የስድስት ዓመት ልጅን በዚያ ሂድ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሰው በአጥሩ ይገባል። አጥሩ በሲሚንቶ ምሰሶ የተወጠረ የሽቦ አጥር ነው። አንዱ ክፍል ከነጭራሹ የለም። የቀሩት ሽቦዎች ጫፋቸው ታጥፎ፣ በእጅና በትከሻ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ታች ላይ የአህያ ጠጉር ተንጠልጥሎበታል። አንድ ቀን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሬ እዚያ ተቀመጥኩ። ተማሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወተት የሚያደርስ፣ ጤፍ የጫነ አህያ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ከመቶ በላይ ሆኑብኝና መቁጠር ተውኩ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

ከዚያ የስልኬን ሰዓት አወጣሁ። ወደ ምሥራቅ ሐዲዱ አንድ ጉብታ ይዞ ይታጠፋል። ከቀዳዳው ላይ ቆሞ የሚታየው 300 ሜትር ግድም ነው። የባቡሩ አፍንጫ ከጉብታው ብቅ ካለ አንስቶ ፊቴ እስኪደርስ ያዝኩት። 14 ሴኮንድ። እኔ ባዶ እጄን ሁለቱንም ሐዲድ ለመሻገር 7 ሴኮንድ ፈጀብኝ። ጭነት የያዘ አህያ ጠጠሩ ላይ ሲያመነታ 20 ሴኮንድ አልፎታል። ሒሳቡ ይሄው ነው።

ሰው «ለምን አይቆምም?» ይላል። እማማም ጠይቀውኛል። «አሽከርካሪው ዓይን የለውም ወይ ልጄ?» አሉኝ። ዓይን አለው። ይህ መስመር የተነደፈው የመንገደኛ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር፣ የዕቃ ባቡር እስከ 80 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ነው። ሥራው የቻይናን መለኪያ የተከተለ ነው። በቻይና ደንብ በ120 የሚሮጥ የመንገደኛ ባቡር ድንገተኛ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈቀድለት ርቀት 800 ሜትር ነው። ብረት ብረት ላይ ነው የሚንከባለለው። እንደ መኪና ጎማ አስፋልት አይነክስም። አሽከርካሪው 300 ሜትር ላይ ላሟን ሲያያት ቀድሞ አልፎበታል። ማድረግ የሚችለው ጥሩምባ መንፋት ብቻ ነው፤ ነፍቷል።

ሌላም ነገር አለ። የእድራችን ዳኛ በወጣትነታቸው በድሮው ምድር ባቡር የሠሩ ሰው ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። የድሮው መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1917 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲስ አበባ የገባው ነው፤ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ ያልፍ ነበር። አባባ እንዲህ አሉኝ፦ «ያኛው መምጣቱን ይናገራል። ከአቃቂ ሲነሳ እዚህ ይሰማል። ይሄኛው ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።» እውነታቸውን ነው። አዲሱ ባቡር የሚሄደው ከላይ በተዘረጋ 25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ አያጓራም። ንፋስ ወደ ሌላ ከነፈሰ ጭራሽ አይሰማም። በዚህ አገር ሁለት ትውልድ ባቡርን በጆሮው ነው የለመደው። አሁን በዓይኑ መጠበቅ አለበት፤ ዓይኑ ደግሞ ከጉብታው ወዲያ አያይም። በዚያ ላይ ሐዲዱ ጥንድ ነው። አንዱ ባቡር ሲያልፍ ሰው «አለፈ» ብሎ ይገባል። ሌላው ከጀርባው ይመጣል።

ፋይሉ

እማማ የካሳ ማመልከቻ እንዲያስገቡ የነገራቸው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ትሁት ልጅ ነው። ላሟ የወደቀችበት ቦታ መጥቶ ቆቡን አውልቆ «እግዜር ይተካልዎ እማማ» አላቸው። ከዚያ ቅጹ የት እንደሚገኝ ነገራቸው።

ቅጹ ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ። «ጉዳቱ የደረሰበት ኪሎ ሜትር» ይላል።

«የት ነው የሆነው?» አላቸው ጸሐፊው።
«ከሾላው አጠገብ።»
«ሾላው የት ነው?»
«ሾላውን የማያውቅ አለ እንዴ የኔ ልጅ?»
«እማማ፣ እኛ ጋ የሚታወቀው በኪሎ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትሩን አምጡ።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ባቡር ላይ ቦታ የሚጠራው በርቀት ነው፤ መጠራትም ያለበት እንደዚያ ነው። ቅጹ ያለዚያ አይሄድም። ግን አስቡት። ከብቷ የሞተባት ሴትዮ የሐዲዱን ርቀት ከየት ታመጣለች? ወደ ሐዲዱ መጠጋት ክልክል ነው። ቁጥሩ ያለው ሐዲዱ ላይ ነው።

መላውን ያወቁት አባባ ናቸው። «ገመድ የሚሸከሙትን ምሰሶዎች እያቸው» አሉኝ። «ቁጥር አለባቸው። የኛ ጊዜ ድንጋይ ላይ ነበር የሚጻፈው። አሁን ምሰሶው ላይ ነው።» ሄድኩ። የጥበቃው ልጅ አብሮኝ ቆመ። እውነትም የኤሌክትሪኩን ሽቦ በተሸከመው በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ አለች። አቧራ ሸፍኗት ነበር። ልጁ በእጅጌው ጠረጋት። ቁጥሯን ጻፍኩ። እሱ ደግሞ ከደብተሩ ምሰሶዋ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነች አገኘልኝ። ያቺን ቁጥር ይዘን ተመለስን። ፋይሉ ተከፈተ።

መልሱ ከወር ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። አራት አረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «በተጠቀሰው ቦታ የታወቀ መሻገሪያ የለም።»

ለእማማ ሳነብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «የለም ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። «እኔ በየት ነው ታዲያ የምሻገረው?»

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ሌላ ቢሮ ሄድኩ። መንገድ የሚያስተዳድሩ ናቸው። ካርታቸውን አዩ። «በእኛ መዝገብ እዚያ ጋ መንገድ የለም» አሉ። «የእግር መንገድ አንመዘግብም።» ወደ ሦስተኛ ሄድኩ። መሬትና ነዋሪ የሚመለከታቸው። «ከአጥሩ ወዲህ የእኛ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የእነሱ ነው» አሉ። አጥሩ ራሱ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ። «እሱን ጉዳዩ የሚመለከተውን አካል ጠይቅ» አሉኝ።

ይህን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሬድዮው ይለዋል። ስብሰባ ላይ ይባላል። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥበት።» በእኔ እጅ ያለው ፋይል ላይ አራት ጊዜ ተጽፏል። አራቱም ጊዜ ሌላ ሰው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልበል። ከቢሮዎቹ ማናቸውም አልዋሹኝም። እያንዳንዱ የተናገረው በወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። መሻገሪያው በወረቀት ላይ የለም። መንገዱም የለም። ችግሩም እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። በወረቀት የሌለ ነገር አይመረመርም። ማንም ዓመት ጠብቆ መጥቶ ከጉብታው በስንት ሴኮንድ እንደሚታይ አይለካም። ማንም የጥሩምባ ምልክት አይተክልም። ላም ስትሞት ላሟ «ሕገ ወጥ» ትሆናለች። ልጅቷ ብትሞት ልጅቷ ሕገ ወጥ ትሆን ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ቁጥጥር ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ ባቡር ደኅንነት ሲወራ ሰው ወዲያው የሚያስበው ፍሬንና ምልክት ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚመጣ ጥያቄ አለ። ማን ያያል? ባቡር የሚያንቀሳቅስ አለ። አንቀሳቃሹን የሚቆጣጠር አለ። አደጋ ሲደርስ የሁለቱንም ሥራ የሚመረምር አለ። ሦስቱ በአንድ ኮፍያ ስር ከሆኑ፣ አንዱ የሌላውን ጥፋት ለማየት ይቸገራል። ሰው ሆኖ የራሱን ፈተና አርሞ ዜሮ የሚሰጥ የለም።

ሕንዶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የባቡር ደኅንነት ኮሚሽናቸው የሚገኘው በባቡር ሚኒስቴራቸው ስር አይደለም። በሲቪል አቪዬሽን ሚኒስቴር ስር ነው። መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገባኝ። ባቡርና አውሮፕላን ምን አገናኛቸው? አላማው ይሄው ነው፤ ተቆጣጣሪው ደመወዙንና እድገቱን ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት እንዳይጠብቅ ነው። በዋናው ሰፊ ሐዲዳቸው ላይ የነበረውን ጠባቂ የሌለው መሻገሪያ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር በጥር 2011 ጨርሰዋል። አንዳንዱን ዘጉ። አንዳንዱ ላይ ሰው አቆሙ። አንዳንዱን ከስር ወይም ከላይ አሻገሩ። ግን ልብ በሉ፤ ያንን ለማድረግ አስቀድሞ እያንዳንዱን መቁጠር ነበረባቸው።

አሜሪካኖች ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አላቸው። መኪና መንገድ ከሐዲድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከ200 ሺህ በላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መለያ አለው፤ ስድስት አሃዝና አንድ ፊደል። ያ መለያ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ከአንድ የስልክ ቁጥር ጋር ተጽፎ መሻገሪያው ላይ ይቆማል። የፌደራል ደንብ ነው፤ ባቡር ኩባንያው ባይወድም ያቆማል። መኪናህ ሐዲድ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቢቆምብህ ትደውላለህ፣ መለያውን ታነባለህ፣ ባቡሩ እንዲቆም ለአሽከርካሪው ይነገረዋል። «ከሾላው አጠገብ» ማለት አያስፈልግህም። ሰሌዳው ራሱ ቆርቆሮ ነው። ዋጋው የቆርቆሮ ዋጋ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ግን መዝገብ ነው፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ነው፤ ሰሌዳው ከወደቀ የሚጠይቅ መንግሥት ነው።

እኛስ? እኛም አገር የሚሠራበት አለ፤ ሰማይ ላይ ግን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከዚህ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ምርመራውን የያዘው አየር መንገዱ አልነበረም። በትራንስፖርት ሚኒስቴር ስር ያለው የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ነው የያዘው። የመጀመሪያ ሪፖርቱ መጋቢት 26 ወጣ፤ በ25 ቀን። ዓለም በሙሉ አነበበው። የዚያ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም እንዲቆም የተደረገበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ «አንችልም» የሚል ሰው አልቀበልም። እንችላለን። ሰማዩ ላይ የሠራነውን መሬት ላይ እንሥራው ነው የምለው።

አባባ ይህን ሳወራ ሲሰሙኝ «አዋሽን አትርሳ» አሉኝ። በጥር 1977 ዓ.ም. የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ድልድይ ላይ ወጣና ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወረዱ። 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። አባባ በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ ነበሩ። ብዙ አላወሩኝም። «ፍጥነት ቀንስ የሚል ምልክት ብቻውን ባቡር አያቆምም» አሉ። «ምልክቱን ሰውየው ማክበሩን የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

እድሩ የገባበት

ቀዳዳው በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ ተዘግቷል። የመጀመሪያው ላሟ በሞተች በሁለተኛው ቀን ነው። አዲስ ሽቦ መጥቶ ተበየደ። ሳምንት አልቆየም። ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ፤ ሰፈሩም ያውቃል። እኔ ግን ሰውየውን ወንጀለኛ ለማለት አንደበቴ አይፈታም። ልጁን በዚያ ውሃ ውስጥ ማሳለፍ ያልፈለገ አባት ነው። ሁለተኛው ጊዜ በመስከረም ነው። ያኔም አልቆየም።

በጥቅምት እድሩ ስብሰባ ላይ አባባ ነገሩን አነሱ። እድር ለቀብር ነው፣ ለላም አይደለም ያሉ ነበሩ። አባባ «ለቀብር እንዳይደርስ ነው» አሏቸው። ደብዳቤ ተጻፈ። ከዚህ በፊት እንደጻፍኩት ዓይነት አልነበረም። «ችግራችን ይፈታልን» አይልም። የምሰሶውን ቁጥር ይላል። ኪሎ ሜትሩን ይላል። 14 ሴኮንድ ይላል። መተላለፊያው ውስጥ ያለው ውሃ በስንት ወር ስንት እንደሚደርስ ይላል። ለሦስቱም ቢሮ አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ በአንድ ቀን፣ ግልባጩ ለእያንዳንዳቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ቦታው ላይ እንገናኝ።

መጡ። ሦስቱም መጡ። ሦስት ቢሮ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ላይ ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው። አንዱ መሐንዲስ ትልቅ ንድፍ ይዞ መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋው። መተላለፊያው አለ። የውሃ መውረጃ ቦይም በንድፉ ላይ አለ። መሬት ላይ ግን ቦዩ በአፈርና በላስቲክ ሞልቶ አይታይም። መስመሩን የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት ግድም ራሳቸው ሲያንቀሳቅሱት ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ነው ያስረከቡት። ንድፉም አብሮ ተላልፏል። በንድፉ ላይ የተሠራው ሁሉ አለ። ሰው በየት እንደሚሄድ ግን የለም። እሱን ማንም አልሳለውም።

መሐንዲሱ ወጣት ነው። ቀዳዳው ላይ ቆሞ ወደ ጉብታው ብዙ አየ። ባቡር ሲመጣ እኛ ሳንነግረው ሰዓቱን ያዘ። «14» አለ። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ ንድፉ ላይ፣ ሐዲዱን ቀጥ አድርጎ የሚያቋርጥ አጭር መስመር አሰመረ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳጥረው። ቦዩ ተጠርጓል። ጠዋትና ከሰዓት በትምህርት ሰዓት የጥበቃው ልጅ ቀዳዳው ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ ባቡር ሲኖር በሬድዮ ይነገረዋል። እማማ ጥር ላይ ገንዘብ አገኙ። ጊደር ገዙበት። ገንዘቡ የምትታለብ ላም አይገዛም ነበር። ጊደሯ እስክትወልድ ድረስ ወተት ከጎረቤት እየገዙ ነው ለልጆቹ የሚሰጡት።

የእግር ድልድይ ይሠራል የሚል ቃል አለ። ቀን የለውም።

እኔ ከድልድዩ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንዱ ሐዲድ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢኬድ የስድስት ቀን የእግር መንገድ ነው። ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዱ ከባቡሩ በኩል፣ አንዱ ከባቡሩ ውጭ ካለ ተቆጣጣሪ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ይቁጠሩ። ቁጥር ይስጡት። ከስንት ሜትር ባቡር እንደሚታይ ይጻፉ። ስንት ሰው እንደሚሻገር ይጻፉ። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይውጣ። ከዚያ የትኛው ይዘጋ፣ የትኛው ላይ ሰው ይቁም፣ የትኛው ድልድይ ይሠራለት የሚለውን መከራከር ይቻላል። አሁን የምንከራከረው «አለ» እና «የለም» በሚለው ላይ ነው። በሁለት ሐዲድ መካከል ቆመን።

የሚፈራ እንዳለ ይገባኛል። አንድ የቢሮ ሰው በግልጽ ነግሮኛል፤ «መዘገብነው ማለት ፈቀድነው ማለት ይሆናል» አለኝ። ቀላል ሐሳብ አይደለም። የመዘገብከው ቦታ ላይ ሰው ቢሞት ትጠየቃለህ። ያልመዘገብከው ላይ ቢሞት አትጠየቅም። ይህን ሐሳብ ብዙ ቀን አሰላሰልኩት። ግን እኮ መጠየቅ የሚፈራ ሰው ባለበት ቦታ ነው ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው። ሕጉ ተገልብጦ መጻፍ አለበት፤ አውቆ ያልመዘገበ ነው መጠየቅ ያለበት።

ቆርቆሮው

ስለ አሜሪካኖቹ ሰማያዊ ሰሌዳ ለሰፈር ልጆች አውርቼ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቀዳዳው አጠገብ የቆርቆሮ ቁራጭ ተሰቅሎ አገኘሁ። በሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ ከበር የተረፈ ነው፤ የማን በር እንደሆነ አውቄዋለሁ። በነጭ የምሰሶው ቁጥር ተጽፏል። ከስሩ የጥበቃው ልጅ ስልክ። ጠይቀውት እሺ ብሏቸዋል።

መጋቢት ላይ የፈረስ ጋሪ ጎማው ሐዲዱ መሃል ተቀረቀረ። ጡብ ጭኖ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነች የደወለችው። ቁጥሩን አነበበችለት። እሱ በሬድዮ ጠራ። የሚቀጥለው ባቡር ጣቢያ ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ጡቡን አራግፈን ጋሪውን ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ባለጋሪው እያለቀሰ ነበር።

ቆርቆሮው ግንቦት ላይ ተነሳ። ያልተፈቀደ ምልክት ነው ተብሎ ነው። ልጆቹ ወስደው ከአጥሩ ወዲህ ባለው ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ግድግዳው የእማማ ነው። አሁንም አለ።

ባለፈው ሳምንት ቁጥሩ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ደወልኩበት። የጥበቃው ልጅ ሥራ ቦታው ተቀይሮ ነበር፤ እኔ አልሰማሁም። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሳው።

«አዳማ ተዛውሬያለሁ» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። «ምን ሆነ? ቶሎ ንገረኝ፣ እዚያው ምሰሶ ጋ ነው?»